የቅልጥም ስብራት ያለ ቀዶ ጥገና፦ ረጅም ጀሶ ወይስ ብሬስ?

እብጠቱና ሕመሙ እስኪበርድ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ከጭን እስከ ጣት ሥር የሚደርስ ጀሶ ይቀድማል። ከዚያም በላይ ከቆየ ግን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይደርቃሉ፤ እግሩ ሲከሳም ጀሶው ይላላል።

የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ኦገስቶ ሳርሚየንቶ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፉት ብሬስ ቅልጥሙን ዙሪያውን የሚያቅፍ ፕላስቲክ ነው። ጡንቻውን ጨምቆ አጥንቱን ይደግፋል፤ ሰውየው በክራንች እየረገጠ ይሄዳል። ቆዳው ላልተቀደደ ስብራት እኛ ይህንን እንመርጣለን። ማሰሪያው በየቀኑ ካልጠበቀ ግን ከንቱ ነው።

ብሬስ ያጠረን እግር አያስረዝምም፤ እጥረቱ ከ12 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሌላ ሕክምና ይታሰብ። ከቅልጥሙ ጎን ያለው ቀጭኑ አጥንት ሳይሰበር ሲቀር ቅልጥሙ ወደ ውስጥ ሊጣመም ስለሚችል ራጅ ቶሎ ቶሎ ይነሣ። በጀሶም ሆነ በብሬስ፣ ጣት ሲቃና የማይቻል ሕመም ከመጣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው።