የዳቦ እርሾ ወይስ ቡና የሚያደርቀው ፈንገስ ፊዩዛሪየም?

ጅማ ላይ ራስ (Ras)፣ ሮ (Rho) እና ሲዲሲ42 (Cdc42) የተባሉትን የሴል ፕሮቲኖች ሊያጠና የተነሳ ተማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ምርጫ ይሄው ነው። እነዚህ ትንንሽ ፕሮቲኖች ጂቲፒ (GTP) የሚባለውን ሞለኪውል ሲይዙ ይነቃሉ፣ ጂዲፒ (GDP) የሚባለውን ሲይዙ ያርፋሉ። የፈንገሱ ሴል በየት በኩል እንደሚያድግ ከሚወስኑት መካከል ናቸው።

ወጪ፦ እርሾ ይረክሳል። የሱቁ ፓኬት ሴሉ ሲያቆጠቁጥ በማይክሮስኮፕ ለማየት ይበቃል፤ ለጂን ሥራ ግን የላብራቶሪ ዝርያ ያስፈልጋል።

ቅለት፦ እርሾ በ30 ዲግሪ፣ በ90 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉው የዘረመል ቅደም ተከተሉ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ሁለቱን የራስ ጂኖቹን፣ ራስ1ን ወይም ራስ2ን፣ ለየብቻ ብታጠፋ ይተርፋል፤ ሁለቱንም ካጠፋህ ይሞታል። ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ውጤት ከፊዩዛሪየም ለማግኘት ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ተስማሚነት፦ ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። እርሾ የእነዚሁ ፕሮቲኖች ዘመድ የሆነው ራክ (Rac) የለውም፤ እንደ ፊዩዛሪየም ክር እየዘረጉ የሚያድጉት ሻጋታዎች ግን አላቸው። ስለዚህ እርሾ ላይ የታየውን ሁሉ እንዳለ ወደ ቡናው ግንድ መውሰድ አይቻልም።

አደጋ፦ እርሾ አያሰጋም። ፊዩዛሪየም ግን በገጀራ በቆሰለ ግንድ ገብቶ ዛፉን ያደርቃል። ዙሪያችን ሁሉ ቡና ነውና ፈንገሱ ያደገበትን ሳህን በኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) ሳያመክኑ መጣል ፈጽሞ አይገባም።

ጊዜው አጭር ከሆነና የፕሮቲኑን አሠራር ከመሠረቱ ለመረዳት ከፈለግክ፣ እርሾ። ጥያቄህ ቡናው ለምን ይደርቃል ከሆነ፣ የለመደ አማካሪና በቂ ጊዜ ካለህ፣ ፊዩዛሪየም።