ፒያሳ ላለው ስልክ ጠጋኝ ምስጋና አለብኝ

ስለ ተከራያችን ነው የምጽፈው። ፈቅዳልኛለች፤ ከመለጠፌ በፊትም አንብቤላታለሁ። ስሟንም ሰፈራችንንም አልጠቅስም፤ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ልጅቷ ከባሏ ቤት የወጣችው ዱላ አንገሽግሿት ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ አስታርቆ መልሷት ነበር። በሦስተኛው እንቢ ብላ ልጇን አዝላ እኛ ግቢ ገባች። እንቅልፍ ግን አልነበራትም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳን እኔን ትቀሰቅሰኛለች።

ደግሞ ሰውየው የዋለችበትን ያውቃል። ከገበያ ስትመለስ ይደውልና «ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ምን ገዛሽ?» ይላታል። ወሬ የሚያቀብል አለ ብለን ስንቱን ጠረጠርን! እኔማ አንዷን ጎረቤቴን ሰላምታ እስከ መንፈግ ደርሻለሁ።

ከዚያ የስልኳ ስክሪን ተሰነጠቀና ፒያሳ ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ ጋ ሄድን። ጠግኖ ሊሰጣት ሲል ባሏ የዋለችበትን እንደሚያውቅ እግረ መንገዷን ነገረችው። ከፍቶ አየው። የስልኩን የጉግል አካውንት ያወጣላት ባሏ ነው፤ የይለፍ ቃሉም እሱ ጋ ነው። ያለችበትን ቦታ የሚያሳየውም ለእሱ ክፍት ነበር። ጎረቤቴ ንጹሕ ነበረች ማለት ነው።

ልጁ ወዲያው አልዘጋውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ይሄን ስዘጋው ማወቁ አይቀርም። ዛሬ ማታ ብቻሽን ነው የምታድሪው?» አላት። አብሬያት እንደማድር ስነግረው ነው የነካው። አዲስ አካውንት ከፈተላትና የይለፍ ቃሉን ራሷ እንድትጽፍ ፊቱን አዞረ። «ምን አድርገሽው ነው? ብሎ ያልጠየቀኝ የመጀመሪያው ወንድ» ብላኛለች በኋላ።

ቀጥሎ የአደጋ ጥሪውን አስተካከለላት። የማብሪያ ቁልፉ በተከታታይ ሲጫን ለእኔና ለወንድሟ ካለችበት ቦታ ጋር መልእክት ይልካል። አንዳንዱ ስልክ 3 ጊዜ፣ አንዳንዱ 5 ጊዜ ነው። የእሷ የሚልከው በተራ የጽሑፍ መልእክት ስለሆነ ዳታ ባይኖርም ይሄዳል፤ ካርድ ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሒሳቧን ባዶ አታደርግም። ካርታውን ለመክፈት ደግሞ እኔ ዳታ ሊኖረኝ ይገባል። የፖሊስን የአደጋ ጥሪ 991ን እና የሰፈራችንን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥርም መዘገበላት። የቤት ጉዳይ ነው ለሚሏት መልስ እንዲሆናት እኔም አንድ ነገር አጥንቼላታለሁ፦ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 564፣ የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው ይላል።

ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሳይረንም ሸጠላት። ክሯ ሲሳብ ትጮኻለች፤ ኧረ እንዴት ያለ ጩኸት! ግቢ ውስጥ ስንሞክራት ዶሮዎቹ ተበታተኑ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ድሮ ሴት ኡኡ ስትል ሰፈር ይወጣላት የለ? አፏ ሲታፈን ይህቺ ትጮህላታለች። ሰው ካልወጣ ግን ዋጋ የላትም፤ ስለዚህ ለቅርብ ጎረቤቶች ድምፁን አስለምደናቸዋል። ያቺ ጎረቤቴም አለችበት። (ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።)

አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ቦርሳዋ የስልኳን ማብሪያ ቁልፍ ተጭኖት መልእክቱ ደረሰኝ። በነጠላ ጫማ እስከ አስፋልት ሮጫለሁ። ስትስቅብኝ ዋለች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ልጁ ዋጋውን አልማራትም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስከፍሏታል። እሷም ይህን ነው የወደደችለት፤ ምጽዋት ጠግባ ነበር።

ትናንት ሌሊት ስነቃ የሽንት ቤቱ መብራት በርቶ አየሁ። አልቀሰቀሰችኝም።

ሱቁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ስልካችሁን ሌላ የሚከፍት ሰው እንዳለ አስቡ። ካለ፣ በጓደኛ ስልክ ጻፉልኝ።