የቤዝቦል ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሲቀይር፦ አንጋፋ፣ ጀማሪ ወይስ የቤት ልጅ?

በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ዋና አሰልጣኙን ያሰናበተ ክለብ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት ዕጩዎች አንዱን ይመርጣል፤ ዋንጫ ያነሳ አንጋፋ፣ ቡድን መርቶ የማያውቅ የቀድሞ ተጫዋች፣ ወይም በምክትልነት የቆየ የቤት ልጅ። ምርጫውን ከባድ የሚያደርገው፣ አሰልጣኙ በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታዎችን ቢመራም ተጫዋቾችን የሚያስፈርመውና የሚያሰናብተው የክለቡ አስተዳደር መሆኑ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከአንድ ቡድን ድል ውስጥ የአሰልጣኙን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ድርሻ ለመገመት ከሚልዋኪና ከቺካጎ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለኝም። ክሬግ ካውንስል ከ2015 ጀምሮ ሚልዋኪ ብሩወርስን ሲመራ ከቆየ በኋላ፣ በ2023 መገባደጃ ቺካጎ ከብስ ዴቪድ ሮስን አሰናብቶ በአምስት ዓመት ውልና ከ40 ሚሊዮን ዶላር በማያንስ ክፍያ ወሰደው፤ በጊዜው ለአሰልጣኝ እንዲህ ያለ ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ከብስ በ2023 በሮስ ሥር 83 ጨዋታዎችን አሸንፎ ነበር፤ በ2024 በካውንስል ሥር ያሸነፈውም 83 ነው። ብሩወርስ በበኩሉ የካውንስል ምክትል የነበረውን ፓት መርፊን ሾመና በ2024 93፣ በ2025 ደግሞ 97 ጨዋታዎችን አሸነፈ፤ መርፊም በሁለቱም ዓመታት የናሽናል ሊግ (ሜጀር ሊግ ከሚከፈልባቸው ሁለት ሊጎች አንዱ) ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተሸለመ። (መርፊ ቀደም ሲል በኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ ካውንስልን ያሠለጠነ ሰው መሆኑም አይዘነጋም።) በ2025 ከብስ ወደ 92 ድል ከፍ ቢልም በጥሎ ማለፉ ከብሩወርስ ጋር ተገናኝቶ 3 ለ 2 ተረትቷል። ከዚህ ተነሥቶ ካውንስል ደካማ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚታየው ነገር ሌላ ነው፤ ብሩወርስ ኳስ ወርዋሪዎችን እየመለመለ የሚያበቃበት አሠራር አሰልጣኙ ሲለቅ አብሮት አልሄደም።

አንጋፋን መቅጠር የሚያዋጣው ቡድኑ በተጫዋች ተሟልቶ መሪ ብቻ ሲጎድለው ነው። ቴክሳስ ሬንጀርስ በ2022 68 ጨዋታዎችን ብቻ አሸንፎ በጡረታ ላይ የነበረውን የ67 ዓመቱን ብሩስ ቦቺን ጠራው፤ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ዋንጫ ያነሳው ቦቺም በመጀመሪያው ዓመቱ ክለቡን ለታሪኩ የመጀመሪያ ለሆነው የወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበት የፍጻሜ ውድድር) ድል አበቃው። ነገር ግን ክለቡ ከዚያ በፊት ኮሪ ሲገርን በ325 ሚሊዮን፣ ማርከስ ሴሚየንን በ175 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ 78 ጨዋታዎችን ብቻ ሲያሸንፍ አሰልጣኙ ያው ቦቺ ነበር። ቺካጎ ዋይት ሶክስ ከ2011 ወዲህ ቡድን መርቶ የማያውቀውን የ76 ዓመቱን ቶኒ ላ ሩሳን ሲቀጥር ደግሞ የዕድሜ ልዩነቱ ፈጥኖ ታየ፤ ቡድኑ በሰፊ ልዩነት እየመራ ሳለ አንድ ጀማሪ መቺ ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) በመምታቱ፣ ይህ በቆየው ያልተጻፈ ደንብ ተጋጣሚን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር አሰልጣኙ የገዛ ተጫዋቹን በአደባባይ ነቀፈ። በ2021 93 ድል ተመዘገበ፤ በ2022 ግን 81 ብቻ ሲሆን፣ ላ ሩሳም ውድድሩ ሳያልቅ በጤና ምክንያት ተለየ።

ጀማሪው ከሦስቱ ሁሉ የበለጠ በአስተዳደሩ ጥንካሬ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አሮን ቡን ከቴሌቪዥን ተንታኝነት በቀጥታ ወደ ኒውዮርክ ያንኪስ መጥቶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 100 እና 103 ጨዋታዎችን ያሸነፈው፣ ጠንካራ ተጫዋቾችና ብዙ የመረጃ ተንታኞች ባሉበት ክለብ በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ድጋፍ የሌለው ክለብ ጀማሪ ቢቀጥር፣ አሰልጣኙም ተጫዋቾቹም በአንድ ጊዜ ተማሪ ይሆናሉ።

የቤት ልጁን በተመለከተ ፊላዴልፊያ ፊሊስን ማየት ይበቃል። በ2022 ቡድኑ 22 አሸንፎ 29 በተሸነፈበት ጊዜ ጆ ጂራርዲ ተነሥቶ ምክትሉ ሮብ ቶምሰን ተተካ፤ ያው ቡድን ከዚያ በኋላ 65 አሸንፎ 46 በመሸነፍ እስከ ወርልድ ሲሪስ ዘለቀ። በአትላንታ ብሬቭስም ከ1977 ጀምሮ በክለቡ የነበረው ብራያን ስኒትከር በ2016 በጊዜያዊነት ተሹሞ በ2021 ዋንጫ አንሥቷል። ጊዜያዊ ሹመት ክለቡ ረጅም ውል ሳይገባ ሰውየውን እንዲፈትን ስለሚያስችለው፣ ከወጪም ከአደጋም አንጻር ቀዳሚው ምርጫ ይህ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ። ችግሩ ከራሱ ከክለቡ አሠራር የመነጨ ከሆነ ግን ምክትሉም የችግሩ አካል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሹመቱ በፊት፣ በቀድሞው አሰልጣኝ ውሳኔዎች ያልተስማማባቸው የትኞቹ እንደነበሩና እርሱ ምን ያደርግ እንደነበር ጨዋታ እየጠቀሰ እንዲያስረዳ መጠየቅ አለበት፤ ይህን ማድረግ ካልቻለ ፍለጋውን ወደ ውጭ ማዞር ይሻላል።