ባለ 2000 ቪኤ ስታቢላይዘር፦ ስምንት ወር ከፍሪጃችን ጋር

በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም መብራት ጨርሶ ከሚጠፋበት ይልቅ ደክሞ የሚቆይበት ጊዜ ይበዛል። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ምጣዱ አይግልም፣ ፍሪጁ ደግሞ ለመነሳት ሞክሮ ጥቂት ካቃሰተ በኋላ ጸጥ ይላል። ባለፈው ዓመት የፍሪጃችን ኮምፕሬሰር በዚሁ ምክንያት ተቃጠለ። የቀየረልን ባለሙያም ስታቢላይዘር (የሚዋዥቅ ቮልቴጅን የሚያስተካክል መሣሪያ) ሳንገዛ መልሰን እንዳንሰካው አጥብቆ ስለመከረን፣ ነሐሴ ላይ ከመርካቶ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚዛወር ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራ ባለ 2000 ቪኤ (ቮልት-አምፔር፣ የሚሸከመው ጭነት መለኪያ) ስታቢላይዘር ገዛን።

መሣሪያው ፊቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያሳያል፤ አንዱ ከግድግዳው ሶኬት የሚገባው ቮልቴጅ፣ ሌላው ወደ ፍሪጁ የሚወጣው ነው። በገና ዋዜማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ ወጥ በጣደበት ሰዓት፣ የሚገባው ቁጥር ከ190 ወደ 181፣ ከዚያም ወደ 168 ሲወርድ አጠገቡ ቆሜ ተመልክቻለሁ። በየመሃሉ ከውስጡ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሚወጣው ቁጥር ግን ከ205 በታች አልወረደም። ድምፁ ሪሌዩ ከአንዱ የትራንስፎርመር መውጫ ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚሰማ በመሆኑ የብልሽት ምልክት አይደለም። ለፍሪጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቮልቴጁ በሩብ ሲቀንስ ሞተሩ ለመነሳት የሚያወጣው ጉልበት ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚወርድ፣ መዞር አቅቶት የቆመ ኮምፕሬሰር ከፍተኛ ከረንት እየሳበ ሽቦውን ያጋያል።

እኔ ግን ከዚህም አብልጬ ዋጋ የምሰጠው ለመቆያው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያው ወዲያውኑ አያስተላልፍም፤ ከ180 ጀምሮ ወደ ታች ቆጥሮ፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ነው ፍሪጁን የሚያስነሳው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በፍሪጁ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ስለሚስተካከል ኮምፕሬሰሩ ያለ ጭንቀት ይነሳል፤ መብራት እንደመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ እልም ብልጭ ሲል የሚደርሰውን ጉዳትም ያስቀራል። እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት ተበላሽቷል ብላ ደጋግማ ነቅላዋለች። አሁን ልጆቹ ሊነኩት ሲጠጉ «ተዉት፣ ይቁጠር» የምትለው እርሷ ናት።

መጋቢት ላይ ደግሞ የሕንፃችን ኑትራል ሽቦ (ከረንቱ የሚመለስበት የጋራ ሽቦ) ተበጠሰ። ኑትራል ሲለቅ በ220 መቆም የሚገባው የአንዳንዱ ቤት ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የእኛ ስታቢላይዘር 290 አሳይቶ መውጫውን ዘጋ፤ ባልቦላው ግን አልወረደም፣ ምክንያቱም ባልቦላ የሚከላከለው ከረንት ሲበዛ እንጂ ቮልቴጅ ሲጨምር አይደለም። በዚያች ማታ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ተቃጥሏል።

ያላስደሰተኝ አሻሻጡ ነው። ሻጩ ምጣድም ይችላል ብሎን ነበር፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ስለሚስብ ይህ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው 2000ም ቢሆን የሚሠራው ቮልቴጁ ደህና ሲሆን ብቻ ነው። ከውስጥ የወጣችው ትንሽ ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል፣ የሚገባው ወደ 140 ሲወርድ አቅሙም በግማሽ እንደሚቀንስ ያሳያል፤ ሰው መሣሪያውን የሚፈልገው ደግሞ ልክ በዚያን ሰዓት ነው። ስለዚህ እኛ ከፍሪጁ በስተቀር ምንም አንሰካበትም። አብሮት የመጣው ሶኬትም ልል ሆኖ ይሞቅ ስለነበር በራሳችን ወጪ አስቀይረነዋል።

መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ይህ ዕቃ ምንም አይሠራም፤ ባትሪ የለውም። መብራቱ ለሚደክምበት ወይም ለሚዋዥቅበት ሰፈር ግን፣ ለአንድ ፍሪጅ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ያለ ማመንታት ግዙት እላለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ መብራቱን አጥፍተው እንዲያበሩላችሁ ጠይቁ፤ ሳይቆጥር ወዲያው ካስተላለፈ ለፍሪጅ አይሆንም።