ያገለገለ ኤችዲ ካሜራ ለሚገዙ፦ 1440፣ 1888 ወይስ 1920?

ሻጩ «ፉል ኤችዲ ነው» ይላል፤ ምስሉ 1920 በ1080 ፒክስል ነው ማለቱ ነው። ናሙናውን ሲከፍቱት አንዱ ማጫወቻ 1440 በ1080፣ ሌላው ያንኑ ፋይል 1888 በ1062 ይላል። ይህን አይቶ ጥሩ ካሜራ ጥሎ የሚሄድ ገዢ ስላለ ሦስት ካሜራዎችን ላነጻጽር።

ሶኒ ኤችቪአር-ዜድ1 በኤችዲቪ፣ ማለትም ኤችዲን በትንሽ ካሴት ላይ በሚመዘግብ ፎርማት ነው የሚቀርጸው። ካሴቱ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ብቻ ስለሚይዝ በአግድም የሚመዘገበው 1440 ፒክስል ነው። ፒክስሉ ግን ካሬ አይደለም፤ ወርዱ ከቁመቱ በሲሶ ይበልጣል። ስለዚህ ሲዘረጋ 1920 ይሞላል። ይህን የማያውቅ ማጫወቻ ላይ ሰው ሁሉ ቀጥኖ ይታያል። 1888 የሚለው ኩዊክታይም 7 (የአፕል የቆየ ማጫወቻ) ሲሆን የፍሬሙን ጠርዝ በጥቂቱ ሸፍኖ ስለሚያሳይ ነው፤ ከፋይሉ ላይ የጠፋ ነገር የለም። 1088 ቢያዩም አይደንግጡ። ምስሉ የሚታመቀው 16 ፒክስል ጎን ባላቸው ካሬዎች ተከፋፍሎ ነው፤ 1080 ደግሞ ለ16 እኩል አይካፈልም። 8 ትርፍ መስመሮች ይጨመሩና በማሳያ ጊዜ ይቆረጣሉ።

ፓናሶኒክ ኤችቪኤክስ200 በ720 ሲቀርጽ ፋይሉ 960 በ720 ነው፤ ሲዘረጋ 1280 ይሆናል። እዚህ ግን ትንሹን ቁጥር በቁም ነገር ይያዙት፤ የካሜራው ሴንሰሮች (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይሩት ቺፖች) ራሳቸው እያንዳንዳቸው 960 በ540 ናቸው። እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያምቅ ለኤዲቲንግ ይመቻል፣ ስሎው ሞሽንም ያምርበታል። በሰርግ አዳራሽ ከሩቅ ሲቀርጹ ግን የእንግዶቹ ፊት ዝርዝሩን ያጣል፤ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

ሶኒ ኢኤክስ1 ግማሽ ኢንች የሆኑ ሦስት ሴንሰሮች አሉት፤ እያንዳንዱ 1920 በ1080 ነው። ገዢን የሚያሳስተው ሁለት የቀረጻ ደረጃ ስላለው ነው፦ ኤችኪው 35 ሜጋቢት በሙሉ 1920፣ ኤስፒ 25 ሜጋቢት በ1440። ሻጩ ያሳየዎት ናሙና 1440 ከሆነ ካሜራው አልተበላሸም፤ ኤስፒ ላይ ተደርጎ ይሆናል። ወደ ኤችኪው አስቀይረው እዚያው ፊትዎ ያስቀርጹ።

ከሦስቱ ለእኔ ኢኤክስ1 ይቀድማል፤ ሴንሰሩም የሚመዘግበውም ሙሉ ነው። ዜድ1ን የምመክረው ዋጋው በጣም ከወረደ፣ የካሴት ሄዱ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ጤነኛ ከሆነና ኮምፒውተርዎ ፋየርዋየር (ቪዲዮውን ከካሜራው የሚያስገባው የገመድ መሰኪያ) ካለው ብቻ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ለማስገባት አንድ ሰዓት እንደሚፈጅም ይቁጠሩት።

ፋይሉን ለመመርመር የማጫወቻውን መስኮት ትተው የፋይልን ዝርዝር መረጃ በሚያሳየው ነጻ ፕሮግራም በሚዲያኢንፎ ይክፈቱት። ወርድና ቁመቱን ብቻ ሳይሆን የማሳያ ምጥጥኑንም ይዩ፤ 1440 በ1080 ሆኖ ምጥጥኑ 16 ለ9 ከተጻፈ ፋይሉ ደህና ነው። ምጥጥኑ 4 ለ3 ከሆነ ምናልባት ሲገለበጥ ወይም ሲቀየር የፒክስሉ ቅርጽ መረጃ ጠፍቶ ይሆናልና ከካሜራው በቀጥታ የወጣውን ዋናውን ፋይል ይጠይቁ።