ትሪ ስታንድ ከነሃርነሱ በርካሽ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ለምትኖሩና አጋዘን ለምታድኑ ወገኖች በሙሉ፦

የቀስት አደን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ሊከፈት ሲቃረብ በአካባቢያችን የቴሌግራምና የፌስቡክ የሽያጭ ቡድኖች ውስጥ «ሙሉ የአደን ዕቃ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየዓመቱ ይበዛሉ። ዛፍ ላይ ተደግፎ የሚታሰር ባለ መሰላል ትሪ ስታንድ (አዳኙ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት)፣ ዕቃ መጎተቻ ገመድና የመውደቅ መከላከያ ሃርነስ (አካል ላይ የሚታሰር ጥብጣብ) በአንድ ላይ ተደርገው፣ አዲሱ ከሚሸጥበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ይቀርባሉ። ሃርነሱ ብዙውን ጊዜ ዋጋ እንኳን አይወጣለትም፤ «በነጻ ነው» ይባላል። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው አንድ ወዳጄ በዚህ መልክ በ110 ዶላር የገዛውን ዕቃ አብረን ስለመረመርነውና ያገኘነው ነገር ሌላውም ሊያውቀው የሚገባ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጠው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወቂያዎቹን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ሃርነሱ ታጥቦና ተጣጥፎ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ስለመጣ ላይ ላዩን ሲታይ እንከን አልነበረውም። ችግሩ የተገኘው ሃርነሱን ከዛፉ ጋር በሚያገናኘው ማሰሪያ ላይ ነው። ይህ ማሰሪያ ከጀርባ፣ ከሁለቱ ትከሻዎች መካከል ተነስቶ ዛፉ ላይ ወደሚጠመጠመው ቀበቶ የሚሄድ ሲሆን፣ ድርብርብ ተደርጎ የተሰፋ አንድ ወፍራም ክፍል አለው። ስፌቱ የተሠራው ሰው በሚወድቅበት ጊዜ ክሩ እየተተረተረ የውድቀቱን ኃይል እንዲቀንስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተተረተረ በኋላ ያ ማሰሪያ ሥራውን ጨርሷል። በዚህ ሃርነስ ላይ ይኸው ክፍል በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ሻጩ ሲጠየቅ «ቁጥቋጦ እንዳይዘው ብዬ ነው» የሚል መልስ ሰጠ። ፕላስተሩን ቀስ ብለን ስንልጠው ግን የስፌቱ ቀይ ክር እስከ ግማሹ ድረስ ተበጥሶ፣ ጫፍ ጫፉ ተንጨባሮ ተገኘ። ያን ሃርነስ ለብሶ ከዚህ በፊት የወደቀ ሰው ነበረ ማለት ነው። የወደቀውን ሰው ምናልባት አድኖት ይሆናል፤ ቀጣዩን ለማዳን ግን አቅም የለውም።

ያገለገለ ስታንድ የሚገዛ ሰው ትኩረቱን በብረቱ ላይ ማድረጉ የተለመደ ነው። ብየዳው መሰንጠቁን፣ ብሎኖቹ መላላታቸውን፣ መርገጫው መጣመሙን ያያል፤ ይህም ተገቢ ነው። ብረት ጉዳቱን በአብዛኛው ያሳያል፣ የሃርነስ ጥብጣብ ግን ይደብቃል። ናይለንና ፖሊስተር ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታቸው ቀለማቸው ገና ሳይለቅ ጥንካሬያቸው ይቀንሳል፤ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ባትሪ አጠገብ የተቀመጠ ሃርነስ የአሲድ ጠብታ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ አይጥ የነከሰው ቦታ ደግሞ እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። ብዙ አምራቾች ሃርነስ ከተመረተበት ቀን አንሥቶ ከ5 ዓመት በላይ ማገልገል እንደሌለበት፣ ሰው ወድቆበት ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን መጣል እንዳለበት በመመሪያቸው የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። የትሪ ስታንድ አምራቾች ማኅበር አባል የሆኑ ድርጅቶች ከእያንዳንዱ አዲስ ስታንድ ጋር ሙሉ አካል የሚይዝ ሃርነስ በካርቶኑ ውስጥ አብረው እንደሚሸጡ ልብ በሉ። ስለዚህ ከአሮጌ ስታንድ ጋር «በነጻ» የሚመጣው ሃርነስ አብዛኛውን ጊዜ የስታንዱ እኩያ ነው፤ ስታንዱ 9 ዓመት ከሞላው ሃርነሱም እንዲሁ ነው።

ወዳጄ በገዛው ሃርነስ ላይ ሌላም የጎደለ ነገር ነበር። አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ የተመረተበትን ቀን፣ ያለፈበትን የኤ ኤስ ቲ ኤም (የምርት መመዘኛ የሚያወጣ ድርጅት) ደረጃና የሚሸከመውን ክብደት የሚገልጸው የጨርቅ መለያ ከሥሩ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። ሻጮች ይህን «ያሳክካል ብዬ ቆረጥኩት» ብለው ያልፉታል። ነገር ግን መለያው ከሌለ ሃርነሱ ለማን ክብደት እንደተሠራ አይታወቅም፤ የብዙዎቹ የአዋቂ ሃርነሶች ወሰን ከ130 እስከ 300 ፓውንድ፣ ማለትም ከ59 እስከ 136 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም ልብስን፣ ጫማንና የያዛችሁትን ዕቃ ሁሉ ይጨምራል። ቀኑም ስለማይታወቅ ዕድሜውን የምትሰሙት ከሻጩ አፍ ብቻ ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሞዴሉ ካልታወቀ ዕቃው አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ በአምራቹ ተጠርቶ የተሰበሰበ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አለመቻሉ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ባለፉት ዓመታት የተለያዩ ትሪ ስታንዶችንና የመውደቅ መከላከያ ሃርነሶችን ከገበያ እንዲሰበሰቡ ያደረገ ሲሆን፣ ዝርዝራቸው በድረ ገጹ ላይ በሞዴል ይፈለጋል። በ2008 ከወጣው የሸማቾች ምርት ደህንነት ማሻሻያ ሕግ ወዲህ እንዲህ ያለ የተሰበሰበ ዕቃ መሸጥ ክልክል ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትንም ይመለከታል። መለያው የተቆረጠበትን ምክንያት ከዚህ አንጻር መጠየቅ ያባት ነው።

በኢንተርኔት ገበያ ላይ አዲስ ሆኖ የሚሸጥ ሌላ ዓይነት ዕቃም አለ፤ ስለእሱ ባጭሩ ልግለጽ። በሠላሳና በአርባ ዶላር «የአዳኝ መከላከያ ቬስት» ተብሎ የሚቀርበው ይህ ዕቃ ደረትንና ወገብን ብቻ የሚይዝ ሲሆን የእግር ማሰሪያ የለውም። በደረት ወይም በወገብ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ትንፋሹ ይታፈናል፤ አለዚያም ከማሰሪያው ሾልኮ ይወርዳል። አብሮት የሚላከውን ካራቢነር (ማሰሪያ የሚያያዝበት የብረት መቆለፊያ) ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ብታዩት፣ ለመወጣጫ እንደማያገለግል የሚገልጽ ጽሑፍ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጾበት ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለው ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከፍታው ያን ያህል አይደለም ለሚሉ ወገኖች ቀላል ስሌት ላቅርብ። ስታንድ በብዛት የሚሰቀለው ከ15 እስከ 20 ጫማ፣ ማለትም ከ4.5 እስከ 6 ሜትር ነው። ከ6 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው ከ1 ሰከንድ እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 39 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሚያርፈው ደግሞ በሥርና በድንጋይ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን ነው። ሃርነሱ በትክክል ቢይዘውም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሮቹ ውስጥ እየተጠራቀመ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ ይህ ሁኔታ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጥሩ ሃርነስ ለዚህ የሚሆን፣ እግር የሚገባበትና የሚቆምበት አጭር የማስታገሻ ጥብጣብ አብሮት ይመጣል። በወዳጄ ከረጢት ውስጥ ይህም አልነበረም።

እንግዲህ ዋጋውን እንመልከት። ለአሮጌው ዕቃ 110 ዶላር ተከፈለ። የማይረባውን ሃርነስ ትቶ አዲስ ለመግዛት 80 ዶላር ገደማ፣ ስታንዱን ከዛፉ ጋር አጥብቀው የሚይዙትን፣ የደረቁትን የራቼት ማሰሪያዎች ለመቀየር ደግሞ 20 ዶላር ገደማ ሲጨመርበት ከ200 ዶላር ያልፋል። ለአንድ ሰው የሚሆን አዲስ ባለ መሰላል ስታንድ ከነሃርነሱና ከነመመሪያው ደግሞ በ150 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ርካሽ የተባለው ዕቃ በገንዘብም ቢሆን አላዋጣም።

ገንዘብ የሚተርፋችሁ ከሆነ የምመክረው የሕይወት መስመር የሚባለውን ገመድ እንድትገዙበት ነው። ይህ ገመድ ከስታንዱ በላይ ዛፉ ላይ ይታሰርና እስከ መሬት ይወርዳል፤ በላዩም ላይ ፕሩሲክ የሚባል፣ በእጅ ሲገፋ የሚንሸራተትና በድንገት ሲሳብ ጭምቅ ብሎ የሚይዝ ቋጠሮ አለው። አዳኙ ገና እግሩ መሬት ላይ ሳለ ማሰሪያውን ከቋጠሮው ጋር ያያይዝና እየወጣ በሄደ ቁጥር ቋጠሮውን ከራሱ በላይ ይገፋዋል። ብዙ ሰው ሃርነሱን የሚያስረው ስታንዱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ መውደቅ የሚበዛው ግን ሲወጣ፣ ሲወርድና ከመሰላሉ ወደ መርገጫው ሲሻገር ነው። ከተቀመጣችሁም በኋላ ማሰሪያው መላላት የለበትም፤ የተንዘላዘለ ማሰሪያ የውድቀቱን ርዝመት ይጨምራል፣ ወደ ስታንዱ ለመመለስም ያስቸግራል። ጠመንጃም ሆነ ቀስት ተይዞ አይወጣም፤ ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ በገመድ ይጎተታል። ስልክ ተንጠልጥላችሁ እጃችሁ በሚደርስበት ኪስ ውስጥ ይሁን፤ የት ዛፍ ላይ እንደምትውሉና መቼ እንደምትመለሱም ለቤተሰብ ንገሩ።

ሻጮች «ወቅቱ ሊያልፍ ነው፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» እያሉ ያጣድፋሉ። ለምትጾሙ ሰዎች ይህ ጥድፊያ ትርጉም የለውም፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚያዝ፣ በዚያ ሰሞን የሚገደለው አጋዘን ሥጋ የገናን በዓል የሚጠብቀው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ነው። ክፍያው በዜል (ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት) ብቻ ይሁን የሚል ሻጭም ያጠራጥራችሁ። በዜል የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ ፈቅዶ ካልመለሰው በቀር ማስመለስ እጅግ ከባድ ሲሆን፣ በክሬዲት ካርድ የተከፈለን ግን ለባንኩ አመልክቶ መከራከር ይቻላል። ከመክፈላችሁ በፊት የሃርነሱን መለያና የማሰሪያውን ስፌት ከቅርብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። «ሲመቸኝ እልካለሁ» የሚል መልስ ከመጣ ንግግሩን እዚያው ላይ አቁሙ።

ቀድሞ የገዛችሁት ካለ ሃርነሱን ነጥላችሁ መርምሩ፤ መለያ የሌለውን ወይም ስፌቱ የተነካውን አትጠቀሙበት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡ። የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽኑ ሴፈር ፕሮዳክትስ የተባለው ድረ ገጽ ማንኛውም ሸማች አደገኛ ዕቃን በነጻ የሚያመለክትበት ነው። ወዳጄ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲደውል ሻጩ «አይተህ ነው የገዛኸው» ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ በኋላም ቁጥሩን አገደው። ስታንዱ መለያው መሰላሉ ላይ ስለነበረ ከተሰበሰቡት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን አጣርተን፣ ማሰሪያዎቹን በአዲስ ቀይረን አስቀርተነዋል። ሃርነሱን ግን ከቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አንሥቶ መልሶ የሚሸጠው እንዳይኖር ጥብጣቦቹን በሙሉ ቆራርጠን ጥለነዋል።