ለትምህርት ቤታችን ነርስ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን ለመጻፍ ሰኔ እስኪያልቅ ጠብቄያለሁ። የልጄ ክብደትና ቁመት የዓመቱ የመጨረሻ ልኬት እስኪታወቅ ነበር። አሁን ስለታወቀ አፌን ሞልቼ ማመስገን እችላለሁ።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው። መስከረም ላይ 51 ኪሎ ነበር፣ ቁመቱ 138 ሴንቲ ሜትር። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሌሊት ያንኮራፋል። እኛ ቤት ግን ማንም አልተጨነቀም። ዘመድ ሲመጣ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጎ «እንዴት አምሮበታል!» ነው የሚለው። ቀድሞ በተማረበት ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ «አንተ ወፍራሙ» እያለ ይጠራው ነበር። ያስወጣነውም ለዚያ ነው። አንድ ቦታ ደግሞ ብወስደው እራት የሚከለክል ወረቀት ሰጡኝ። ሦስት ቀን ሞከርን። በአራተኛው ሌሊት ጨለማ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ደረቅ እንጀራ ሲበላ አገኘሁት። ወረቀቱን ያኔውኑ ቀደድኩት።

ከሲስተር ጋር የተገናኘነው አዲሱ ትምህርት ቤት ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

መጀመሪያ የወደድኩላት አመዛዘኗን ነው። ከመጋረጃ ጀርባ፣ አንድ በአንድ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ሳትጠራ። ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ይመዘናል። ከዚያ ወላጅን ለብቻ ታነጋግራለች። «ኪሎውን ለማውረድ አንጣደፍም፤ ገና እያደገ ነው። ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ ከጨመረ ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ። የልጅ ክብደት ከቁመቱ፣ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ተያይዞ እንደሚታይ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጥቅምት ላይ ወላጆችን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሊትር ለስላሳ፣ ባዶ ብርጭቆ፣ ስኳርና የሻይ ማንኪያ አስቀምጣለች። ምንም ሳትናገር ስኳሩን በማንኪያ እየሰፈረች ብርጭቆው ውስጥ ትጨምር ጀመር። አምስት ላይ ሰው አጉረመረመ። አሥር ላይ ዝም አለ። 13 ላይ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ይሄ ነው» አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል። ያ አንድ ጠርሙስ ብቻውን የልጄን የቀን ድርሻ ይጨርሳል። ልጄ በቀን ሁለት ይጠጣ ነበር። ገንዘቡን የምሰጠው እኔ ነኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሱቅ ዞረች። ለስላሳ፣ ችፕስና ፓስቲ ነበር የሚሸጠው። ባለሱቋ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሱቅ ነው፤ ሲስተር ይህን ስለምታውቅ አልተጣላቻትም። አብራት ቁጭ ብላ ሂሳብ ሠራች። ቆሎ፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ በወቅቱ ደግሞ ማንጎና ዘይቱን ገባ። እዚህ ባህር ዳር ማንጎ ሞልቶ ልጆቻችን ችፕስ መብላታቸው ሁሌም ያናድደኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ገበያው ቀዘቀዘባት፤ ኪሳራዋን የወላጅ ኮሚቴው ሸፈነላት። አሁን ንፍሮው ከእረፍት በፊት ያልቃል።

ከሁሉም የከበደችው እናቴ ናት። የወሎ ሰው ናት፤ ሰባ ሰባትን በዓይኗ አይታለች። «እኛ ጠግቦ የሚያድር ልጅ አጥተን ነው ያለቀስነው፤ እናንተ የጠገበውን ልታስርቡት ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሲስተር አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጣች። ቡና ተፈላ። ስለ ምግብ አንድም ነገር ሳታነሳ ስለዚያ ዘመን ጠየቀቻት። እናቴም በረካው እስኪደርስ አወራች። ከዚያ ሲስተር ቀስ ብላ «እማማ፣ ልጁ አይራብም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን እስኪጠግብ ይብላ። ጉርሻዎንም አይተዉበት። ብቻ ሻዩ ላይ የሚያደርጉለትን ሦስት ማንኪያ ስኳር አንድ ያድርጉልኝ» አለቻት። እናቴ አሰብ አደረገችና «አንድ ተኩል» አለች። ዛሬ ቀረፋ ጣል አድርጋ ያለ ስኳር ነው የምትሰጠው፤ ማንም ሳያስገድዳት።

እንቅስቃሴውም አለ። ልጆች በቀን 60 ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስ አለባቸው ስትለን ባጃጁን ትተን በእግር መመለስ ጀመርን። በጣና ዳር በኩል፣ አመሻሽ ላይ። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ያርፍ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ቆይ የምለው። ቤት ውስጥም ለእሱ የተለየ ምግብ የለም፤ ሁላችንም አንድ ትሪ ላይ ነን። ቆሮሶ የምንለውን ዓሣም ዘይት ውስጥ ከማጥለቅ ወጥ መሥራት ለምደናል።

ሰኔ ላይ 50 ኪሎ፣ 144 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አሁንም ለዕድሜው ከሚገባው በላይ ነው፤ ሲስተር ይህንንም አልደበቀችኝም። ግን ማንኮራፋቱ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ ለኳስ ሊጠሩት በር አንኳኩ። ከዚህ በፊት ለኳስ ብሎ በራችንን ያንኳኳ ልጅ አልነበረም።

ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄን አንድም ቀን ሳታሳፍሪው ነው የረዳሽው።

እሷን ማግኘት የምትፈልጉ ወላጆችና ርዕሰ መምህራን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለች፣ አገናኛችኋለሁ። ክረምቱን ሌሎች ትምህርት ቤቶችን ለማማከር ዝግጁ ናት። ብቻ ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ስለ ኪሎው አይደለም። የትምህርት ቤቱ ሱቅ ምን እንደሚሸጥ ነው፤ አይታችሁ ሂዱ።